አንድ ኮድ፣ ሁለት ደመወዝ፦ በርቀት ፔር ማድረግ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ዴቨሎፐሮች ያሉበት ቡድን እመራለሁ። ሁለቱ ጁኒየር (ጀማሪ) ናቸው። ሁለቱ መካከለኛ ልምድ አላቸው። አንዱ ሲኒየር ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። እዚህ ያሉትም በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት ነው የሚሠሩት። ባለፈው ወር በርቀት ፔር ፕሮግራሚንግ ጀመርን። ልጆቹ ወደውታል። ሥራ አስኪያጃችን ግን «ለአንድ ኮድ ሁለት ደመወዝ ልከፍል ነው እንዴ?» አለኝ። ሦስት ወር ሰጥቶኛል፤ «በቁጥር አሳዪኝ፣ አለዚያ ይቁም» ብሏል። በእርግጥ በርቀት ፔር ማድረግ ይሠራል? እንዴት አድርጌስ ልለካው? ቢመክሩኝ።

ምላሽ፦ አንቺ ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ሥራ አስኪያጅሽ ላይ አትፍረጂበት። የእሱ ጥያቄ ከብዙዎቻችን የፔር አፍቃሪዎች ወሬ ይሻላል። እኛ «ደስ ይላል» እንላለን፤ እሱ «ስንት ነው?» ይላል። ከፋዩ እሱ ነው፣ ይጠይቅ።

መልሴን ላስቀድም። «ይሠራል ወይ?» ብለሽ ከጠየቅሽ መልስ የለም። ሃያ ምናምን ዓመት ተጠንቶም አልተገኘም። «ለማን? በምን ዓይነት ሥራ ላይ?» ካልሽ ግን አለ። ያውም አብዛኛውን በሦስት ወር ውስጥ ራስሽ ልታገኚው ትችያለሽ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ልበል። ፔር ፕሮግራሚንግ ሁለት ሰው አንድ ኮድ ላይ አብሮ የሚሠራበት መንገድ ነው። አንዱ ኪቦርዱን ይይዛል፤ ድራይቨር ይባላል። ሌላው እያየ ያስባል፣ ይጠይቃል፣ ያርማል፤ ናቪጌተር ነው። ከዚያ ይለዋወጣሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኬንት ቤክ ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የሚባለውን አሠራር ሲያስተዋውቅ ነው ስሙ የገነነው። (የጥናቶቹን ዓመት በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው።) በዚያን ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ይቀመጡ ነበር። አሁን አንዱ ሃያት፣ ሌላው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ወደ ጥናቱ ከመሄዴ በፊት ሁለተኛው ሰው ምን እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ብታዪው ይሻላል።

አንድ ጊዜ የልደት ቀን የሚመዘገብበት ፎርም እየሠራን ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር። ድራይቨሩ እኔ ነኝ። ናቪጌተሯ ሥራ ከጀመረች አምስት ወሯ የሆነ ልጅ፣ ከቤቷ ነች። ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 አይበልጥም ብዬ ጻፍኩ። ጳጉሜ 6 የምትሆንበት ዓመት ሲመጣስ? ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ምንም ካልተረፈ 6 ይሁን አልኩ። እጄ የለመደው የፈረንጁን ነዋ! ቴስትም (ኮዱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ) ጻፍኩለት። ቴስቱ አለፈ። አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ።

ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ «ቆይ፣ 2015 ላይ ጳጉሜ 6 ነበረች አይደል?» አለችኝ። «እናቴ ዘመነ ሉቃስ ነው ስትል ትዝ ይለኛል።»

2015ን ለ4 አካፈልኩት። 3 ይተርፋል። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ ዘመነ ሉቃስ የምንለው። ኮዴ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን አልመዘግብም ይላል። ጭራሽ ያልነበረችውን የ2016 ጳጉሜ 6 ግን እጁን ዘርግቶ ይቀበላል።

ይህ ስህተት እንዴት እንደሚያመልጥ አስቢው። ቴስቱ አልያዘውም፣ ምክንያቱም ቴስቱን የጻፈው ያው የተሳሳተው ጭንቅላት ነው። ኮድ ሪቪውም፣ ማለትም ሌላ ሰው ያለቀውን ኮድ የሚያይበት፣ የሚይዘው አይመስለኝም። «ለ4 ሲካፈል 0» የሚል መስመር ዓይን ለምዶታል፣ ተንሸራቶ ያልፋል። የያዘው ሰው እኔ በምጽፍበት ሰዓት አብሮኝ እያሰበ የነበረ ሰው ነው። ሃያ ሰከንድ ፈጀ። ሥራ አስኪያጅሽ ሁለተኛውን ደመወዝ የሚከፍለው ለእነዚያ ሃያ ሰከንዶች ነው። ጥያቄው እንዲህ ያሉ ሃያ ሰከንዶች በሳምንት ስንቴ ይመጣሉ የሚለው ነው።

አሁን ወደ ጥናቱ። ሥራ አስኪያጅሽ ጎግል ማድረግ ከወደደ ሁለት እርስ በርስ የሚጋጩ የሚመስሉ ቁጥሮች ያገኛል። ቀድመሽ እወቂያቸው።

አንደኛው የዩታ ዩኒቨርሲቲው ነው። በ1999 ሎሪ ዊሊያምስ 41 ተማሪዎችን ይዛ ሞከረችው። 13ቱ ብቻቸውን ሠሩ፣ 28ቱ በጥንድ። በመጀመሪያው ሥራ ላይ ጥንዶቹ በጠቅላላ ብቻቸውን ከሠሩት 60 በመቶ ያህል የበለጠ የሰው ሰዓት ፈጁ። ሥራ አስኪያጅሽ እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ በቃ፣ ተዘጋ። ግን ሲላመዱ ልዩነቱ ወደ 15 በመቶ ወረደ። ኮዳቸው ደግሞ ቴስት ላይ የሚወድቅበት መጠን በ15 በመቶ ግድም ያነሰ ነበር። ፔርን የሚሰብክ ሁሉ የሚጠቅሰው ይህን ነው።

ሁለተኛው የሥራ አስኪያጅሽ ቁጥር ነው። ኦስሎ ያለው የሲሙላ የምርምር ማዕከል ሰዎች ተማሪ ሳይሆን ደመወዝተኛ ፕሮግራመር ቀጥረው ሞከሩት። ከኖርዌይ፣ ከስዊድንና ከእንግሊዝ፣ ከ29 ድርጅቶች የመጡ 295 የጃቫ ባለሙያዎች። 99ኙ ብቻቸውን፣ የቀሩት 98 ጥንድ ሆነው። ውጤቱ በ2007 ወጣ። በደምሳሳው ሲታይ ጥንዶቹ አልፈጠኑም፣ የተሻለ ትክክለኛም አልሆኑም። የሰው ጉልበት ግን 84 በመቶ ጨመረ። እንግዲህ «አላልኳችሁም?» የሚያስብል ቁጥር ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ስትገቢ ግን ነገሩ ይቀየራል። ውስብስብ በሆነው ሲስተም ላይ ጥንዶቹ በትክክል የፈቱት ሥራ ድርሻ 48 በመቶ ከፍ አለ። ያ ጥቅም የታየው በዋናነት ጁኒየሮቹ ላይ ነው። ቀላሉ ሲስተም ላይ ደግሞ ትክክለኛነቱ አልተለወጠም፣ ጊዜው ግን 20 በመቶ አጠረ። ይህኛው የታየው መካከለኞቹና ሲኒየሮቹ ላይ ነው። «ለማን? በምን ላይ?» ያልኩሽ ለዚህ ነው። የአንዱ አማካይ ቁጥር የሌላውን ታሪክ ይውጠዋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ እነዚያ ሰዎች የተቀጠሩት ለአንድ ቀን ነው። ዩታ ላይ ያየነው መላመድ በአንድ ቀን አይመጣም።

በ2009 ደግሞ ከኦስሎዎቹ የተወሰኑት 18 ጥናቶችን ሰብስበው ደመሩ። በጥራት ትንሽ ጥቅም፣ በፍጥነት መካከለኛ ጥቅም፣ በጉልበት መካከለኛ ኪሳራ አገኙ። ጥሩ ውጤት ያላገኙ ጥናቶች ሳይታተሙ መሳቢያ ውስጥ የቀሩ እንደሚመስልም አስጠንቅቀዋል። ሐቀኛ ሰዎች ናቸው።

የርቀቱስ? በርቀት ፔር ማድረግ ከኮሮና ጋር የመጣ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። የኖርዝ ካሮላይና ተመራማሪዎች በ2001 ነው የሞከሩት፤ ኔትሚቲንግ በሚባለው በያኔው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ስክሪን እያጋሩ። ተማሪዎቹን በአራት ከፈሏቸው፤ አንድ ቦታ ያሉ ጥንዶች፣ ተራርቀው ያሉ ጥንዶች፣ ጥንድ ያልሆኑ እዚህም እዚያም። በርቀት ጥንድ የሆኑት ከሌሎቹ አላነሱም። ታዲያ ምርታማነትን የለኩት በሰዓት በተጻፈ የኮድ መስመር ብዛት ነው። እዚህ ላይ ፈገግ ማለት ይፈቀዳል። የእኔ ምርጥ የሥራ ቀን 400 መስመር ኮድ የሰረዝኩበት ነበር።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚጣፍጠኝ የበርሊን ፍሪ ዩኒቨርሲቲው የ2014 ሥራ ነው። መቶ ሰው አልሰበሰቡም። ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ተራርቀው የሚሠሩ አንድ ጥንድ ባለሙያዎችን ለሦስት ቀን እየቀዱ አዩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መጻፍ የሚችሉበት ኤዲተር ነበር የሚጠቀሙት። የአንድ ኪቦርድ ጥንድ የማይችለውን ነገር ሲያደርጉ ተገኙ። አንዱ ዋናውን ሲጽፍ ሌላው የተረሳች ኢምፖርት (ሌላ ኮድ የምትጠራ መስመር) ያስገባል፣ የተሳሳተ ስም ያስተካክላል፣ ከዚያ ተመልሰው ይገናኛሉ። አለመተያየታቸውን ደግሞ በወሬ ሸፈኑት። መደምደሚያቸው በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፦ በአግባቡ ከተያዘ በርቀት ፔር ማድረግ አጠገብ ለአጠገብ ከመቀመጥ ላያንስ ይችላል። «ይችላል» ነው ያሉት። «አይቀርም» አላሉም።

ያ «ይችላል» የሚወድቅበት ቦታ የት ነው? ከራሴ ልጀምር።

አንድ ጁኒየር ልጅ ጋር ስክሪን እያጋራሁ የክፍያ ኮድ ሳስረዳው ነበር። «ገባህ?» ስለው «እሺ» ይላል። «አለህ?» ስለው «አለሁ፣ አለሁ» ይላል። ሃያ ደቂቃ ሄድን። በኋላ እንዳጫወተኝ ስክሪኑ ገና በስድስተኛው ደቂቃ ላይ ደርቆበታል። አሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ የደረቀ ፎቶ እያየ «እሺ» ሲለኝ ነበር! ለምን አልነገርከኝም አልኩት። «ጋሼ፣ እያወሩ ስለነበር ማቋረጥ ከበደኝ» አለኝ።

ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ። «እሺ» አማርኛ ላይ «ገብቶኛል» ማለት አይደለም። «ሰምቻለሁ፣ አከብርሃለሁ፣ ቀጥል» ማለት ነው። አጠገብህ ቢቀመጥ ፊቱን ታያለህ፣ ቅንድቡ ይነግርሃል። በርቀት ግን «እሺ»ው ብቻ ነው የሚደርስህ። ታላቅን ማረም ነውር ተብሎ ባደገ ቡድን ውስጥ ናቪጌተሩ ታናሽ ከሆነ ሁለተኛውን ደመወዝ የምትከፍዪው ለዝምታ ነው።

መፍትሔው ኪቦርዱን ለታናሹ መስጠት ነው። ይህን አሠራር ሌውሊን ፋልኮ የሚባል ባለሙያ ነው ያስለመደው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ከአንተ ጭንቅላት የወጣ ሐሳብ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባው በሌላው ሰው እጅ ነው። ሲኒየሩ ሐሳብ ካለው ይናገራል፣ ጁኒየሩ ይጽፋል። አሁን «እሺ» ብሎ ማምለጥ የለም። ካልገባው እጁ ይቆማል፤ ያንቺ ሲኒየር ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ የቆመ ከርሰር ያያል። የቆመ ከርሰር ከቅንድብ አያንስም። ጁኒየሩም የራሱ ሐሳብ ሲመጣለት ኪቦርዱን ለመልቀቅ ይገደዳል፤ ስለዚህ ለታላቁ «እንዲህ ጻፍ» ማለትን ይለማመዳል። መጀመሪያ ይጨንቀዋል። በሁለት ሳምንት ይለቀዋል።

ስለ ኔትወርክም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ካልተጠነቀቅሽ የመብራትና የኢንተርኔቱን ጥፋት ለፔር ታሸክሚዋለሽ።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ሄዶ ለመመለስ በፊዚክስ ሕግ ብቻ ከ115 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። ገመዱ ቀጥታ ስለማይሄድ ትክክለኛው ከዚያም ይረዝማል። የሰው እጅ ከ100 ሚሊሰከንድ ወዲያ ያለ መዘግየት ይሰማዋል። ስለዚህ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ በሪሞት መጻፍ ውኃ ውስጥ እንደመራመድ ነው። የቱንም ያህል ዳታ ብትገዢ አይለወጥም። የሚጽፈው ሰው የራሱ ኮምፒውተር ላይ ይጻፍ።

ይህን የሚያደርጉ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው እንደ ቪኤስ ኮድ ላይቭ ሼር ያለ መሣሪያ ነው። የምትጽፊው ወዲያው በራስሽ ስክሪን ላይ ይታያል፤ ወደ ሌላው የሚላከው ምስል ሳይሆን ጥቂት ፊደል ነው። ለደካማ ኢንተርኔት ከስክሪን ሼር እጅግ ይቀላል። ሁለተኛው በጊት፣ የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው ፕሮግራም፣ መቀባበል ነው። አሥር ደቂቃ ትጽፊያለሽ፣ ጊዜያዊ ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ላይ ፑሽ ታደርጊያለሽ፣ ማለትም ትልኪያለሽ፣ ሌላው ይስብና ይቀጥላል። ሞብ የምትባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ይህንን በአንድ ትዕዛዝ ትሠራዋለች። ቪዲዮውን አጥፉት። ድምፁን ግን አታጥፉ፤ ኢንተርኔቱ እምቢ ካለ አዲስ አበባ ያሉት በመደበኛ ስልክ ይደዋወሉ። ድምፅ ከሌለ ፔር የለም። ሄድሴት ግዢላቸው፤ ከጎረቤት ዶሮ ጋር ማሰብ አይቻልም።

መብራት ከሄደ ሕግ ይኑራችሁ። ሌላው አምስት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ከዚያ ብቻውን ይቀጥልና የት እንደደረሰ ቴሌግራም ላይ ሁለት መስመር ይጽፋል። የጠፋችውን ደቂቃ ለብቻ መዝግቡ።

እንግዲህ ወደ መለኪያው፣ ዋናው ነገር ወደሆነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስንት መስመር ተጻፈ፣ ስንት ቲኬት (የተመዘገበ ሥራ) ተዘጋ ብሎ ይቆጥራል። ሁለቱንም ተዪያቸው። መስመሩን ነግሬሻለሁ። ቲኬት ደግሞ ልጆቹ እንደሚቆጠርባቸው ሲያውቁ አንዱን ለሦስት መክፈል ይጀምራሉ። እኔ ብሆን አደርገዋለሁ።

ሦስት ነገር ቁጠሪ። ታስኩ ከተጀመረበት ሥራ ላይ እስከዋለበት ስንት ቀን ፈጀ? የሁለቱም ሰው፣ የሪቪወሩም፣ በኋላ ያስተካከለውም ሲደመር ስንት የሰው ሰዓት በላ? ከዋለ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ስንቴ ተመለሰ? ሦስተኛዋን እንዳትረሺ። የፔር ወጪ ዛሬ ይታያል፣ ጥቅሙ የሚታየው በሚቀጥለው ወር ሳይመጣ በቀረ ችግር ነው። ያልመጣ ችግር ደግሞ ካልቆጠሩት ማንም አያመሰግንበትም።

ለሥራ አስኪያጅሽ የሚሆን የወረቀት ሂሳብ ልስጥሽ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ከእኔ የመጡ ናቸው፣ አንቺ በራስሽ ትተኪያቸዋለሽ። አንድ ከባድ ታስክ ብቻውን የያዘው ሰው 10 ሰዓት ሠራ። ሪቪው 1 ሰዓት። ተመልሶ 3 ሰዓት ተስተካከለ። እንደገና ሪቪው ግማሽ ሰዓት። ከወር በኋላ ባግ (የኮድ ስህተት) ወጣበት፣ 4 ሰዓት። ድምሩ 18 ሰዓት ተኩል። ያንኑ ጥንዶች በ8 ሰዓት ቢጨርሱት 16 የሰው ሰዓት ነው፤ ሦስተኛ ሰው ግማሽ ሰዓት አየው እንበል፣ 16 ተኩል። ሪቪው ሲጠበቅ ያለፉት ሁለት ቀናት ገና አልተቆጠሩም። አሁን ቀላል ታስክ ውሰጂ። ብቻውን 2 ሰዓት፣ ሪቪው 20 ደቂቃ። በጥንድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማለትም 3 የሰው ሰዓት። ከሰርሽ። ሁሉን ነገር ፔር አድርጉ የሚል ሰው ቀላሉን ታስክ አልደመረውም።

አሁን ወጥመዱ። ምርጫውን ለልጆቹ ከተውሽ ከባዱን በጥንድ፣ ቀላሉን ለብቻ ይይዛሉ። ተፈጥሯዊ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ግን ቁጥሩ «ፔር ዘገምተኛ ነው፣ ባግ ይበዛበታል» ይልሻል። ለምን? ከባዱ ሁሉ እዚያ ስለተከማቸ ነው። ሆስፒታል የገባ ሰው ብዙ ይሞታል ብሎ ሆስፒታሉን እንደመክሰስ ነው።

ስለዚህ ዕጣ ይውጣ። ሰኞ ሰኞ ታስኮቹን መጀመሪያ ከባድና ቀላል ብለሽ ክፈያቸው። ዕጣው ሳይወጣ በፊት ነው የምትከፍዪው። ከዚያ በየክፍሉ ለእያንዳንዱ ሳንቲም ወርውሪ፤ አንበሳው ከወጣ በጥንድ፣ ካልወጣ ለብቻ። ልጆቹ ይስቁብሻል። ይሳቁ። በዚህ መንገድ ያገኘሽው ልዩነት ከታስኩ ክብደት የመጣ አይሆንም። በሦስት ወር ምናልባት 50፣ 60 ታስክ ይኖርሻል። ይህ ለዓለም የሚታተም ማስረጃ አይሆንም፤ አንድ የተበላሸ ታስክ አማካዩን ሊጎትተው ይችላል። አማካይ ብቻ አትስጪው፤ ታስኮቹን አንድ በአንድ ነጥብ አድርገሽ አንድ ሥዕል ላይ አሳዪው። ዓይኑ ያያል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መዝግቢያቸው እንጂ አትደምሪያቸው። የዩታውን 60 በመቶ አስታውሺ። ይህንንም ቀድመሽ ለሥራ አስኪያጅሽ ንገሪው። በኋላ ከነገርሽው ቁጥር ደበቀች ነው የሚለው። እንዲያውም ምን እንደምትቆጥሪ፣ የቱን እንደምትተዪ፣ ምን ያህል ልዩነት ካየሽ «ይቀጥል» እንደምትሉ አንድ ገጽ ጽፈሽ ዛሬውኑ ተፈራረሙ። ሥጋው ከተቆረጠ በኋላ ሚዛን አይቀየርም።

ሌላም አለ። ጁኒየሮቹ የሚማሩት ነገር በቲኬት ላይ አይታይም። ግን ጊት ውስጥ ይታያል። ዛሬ ቁጭ በዪና እያንዳንዱን የኮድ ክፍል ባለፉት ስድስት ወራት ማን ማን እንደነካው አውጪ። አንድ ሰው ብቻ የነካው ስንት ነው? ልገምት፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰውዬ ብቻውን የሚያውቀው አንድ አስፈሪ ፎልደር አለ። ሁሌም አለ። ከሦስት ወር በኋላ ደግመሽ አውጪ። ቁጥሩ ከቀነሰ ሥራ አስኪያጅሽ ሰውዬው የዓመት ፈቃድ ሲወጣ እንቅልፍ ይወስደዋል። ይህቺ ቁጥር ከሰዓቱ ሁሉ የበለጠ ልትገዛው ትችላለች።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ላኪ፦ «በዚህ ሳምንት ብቻህን ብትሆን ኖሮ የት ላይ ትቆም ነበር?» አንድ መስመር ይመልሱልሽ። «የትም» የሚለው መልስም መልስ ነው። ሁለቱ መካከለኞችሽ ሁሌ «የትም» ካሉ፣ እነሱን እርስ በርስ ማጣመር አቁሚ። ቁጥሩን ለማንም የግል ምዘና ግን አትጠቀሚበት። ለደመወዝ ጭማሪ እንደምትጠቀሚበት ከጠረጠሩ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ነገር ያማረ ይሆናል፣ አንድም እውነት አታገኚም።

የእኔ ግምት? ጁኒየርና ሲኒየር፣ ከባድ ታስክ ላይ፣ ኪቦርዱ ጁኒየሩ ጋ ሆኖ፣ ያዋጣል። መካከለኞቹ እርስ በርስ ቀላል ሥራ ላይ ከሆኑ የሚያገኙት ፍጥነት ብቻ ነው፤ የሚቸኩል ነገር ሲኖር ይጠቅማል፣ ሳይኖር ለብቻ ይሥሩ። ቀኑን ሙሉ ፔር ማድረግ ግን ለማንም አልመክርም። በርቀት ሲሆን አንጎል ቶሎ ይደክማል። ዘጠና ደቂቃ፣ ዕረፍት፣ ሌላ ዘጠና ደቂቃ፣ በቃ።

የሲልቨር ስፕሪንጉን ሰዓት ደግሞ ከአሁኑ ያዢው። እነሱ ሰዓታቸውን በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት መጀመሪያና በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። የእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ለእሱ በበጋቸው ከጠዋቱ 9፣ በክረምታቸው ከጠዋቱ 8 በፈረንጅ ነው። እናንተ ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የሚገኘው ያቺ አንድ ዘጠና ደቂቃ ናት፤ ለከባዱ ታስክና ለጁኒየሮቹ ጠብቂያት፣ ስብሰባ አትሙዪባት። ካላንደሩ ላይም «10 ሰዓት» ብለሽ ብቻ አትጻፊ። እኔ አንድ ጊዜ አሜሪካ ካለ የሥራ ባልደረባ ጋር «ማታ በ3» ተባብለን ተለያየን። እኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላፕቶፕ ከፍቼ ስጠብቅ እሱ ቀጠሮውን ለእኛ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይዞታል፤ «ማታ በ3» የሚለውን በፈረንጅ ቆጥሮት። በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ደወለልኝ፣ ባለቤቴ ናት ያነሳችው።